ዘጠኝ መቶ ዲግሪ

ለምወድሽ እህቴ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ አንዳንዴ ያስቸግራታል እንጂ አፏ እንደሆነ ምንም አልሆነም።

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። አልደረሱኝም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ቋሚ ማግኔት ይሠራበታል የተባለው የፌራይት ዱቄት በአዲሱ ላብራቶሪ እምቢ እንዳለሽ፣ ብረቱንና ስትሮንሺየሙን በልኩ አሟሙተሽ፣ አጥበሽና አድርቀሽ ስታበቂ ከምድጃው ቀይ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ማግኔትነቱም ውሃ ውሃ እንደሚል አነበብኩ። አዘንኩልሽ ብልሽ ደስ ባለኝ። ግን ደጋግሜ ያነበብኳቸው ጣፍጠውኝ ነው።

እዚህ በድሮው ላብራቶሪሽ ያለውን ምድጃ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት እኔ ነኝ። በሩ ሲላላ ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚያመልጥ የማውቀው እኔ ነኝ። አንቺ ዶክትሬትሽን ይዘሽ በመጣሽ በሳምንቱ ኃላፊው አንቺን ዶክተር እያለ እኔን ቁልፍ አምጪ ይለኝ ጀመር። ቤት ስንገባ ደግሞ እማዬ ቀኑ እንዴት ዋለ ብላ የምትጠይቀው አንቺን ነበር። ፊዚክስ ያስጠናሁሽ እኔ መሆኔን ያስታወሰ የለም።

ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ምድጃውን ሰባት መቶ ላይ አድርገሽ ወደ ስብሰባ ሄድሽ። እኔ ከምድጃው ጋር ቀረሁ። ሙቀት ሲበዛ ከአቧራ የደቀቀው ብናኝ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደሚያድግ፣ ያደገው ደግሞ ማግኔትነቱ እንደሚልፈሰፈስ አንቺው ራስሽ አስረድተሽኛል። ከዚህ በላይ አታስጽፊኝ። በማግስቱ ዱቄቱ ጠቁሮ ወጣ፤ ሲለካም ማግኔትነቱን አልለቅም አለ። ኃላፊው አላምን ብሎ ሁለቴ አስለካው። ሁሉም አጨበጨበልሽ። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል መጥተሽ ያቀፍሽው እኔን ነበር።

እንግዲህ ስሚኝ። ዘጠኝ መቶ አድርጊው፤ ሁለት ሰዓት አቆዪው። ማስታወሻሽ ላይ ያሰፈርሽው ሰባት መቶ ያንቺ ስህተት አይደለም። እንዴት አወቅሽ ብለሽ አትጠይቂኝ። በጎ አስቤ ነበር ብልሽ ግን እዋሻለሁ።

ለምን ዛሬ ነገርሽኝ ካልሽ፣ እማዬ ባለፈው እሁድ ልጄ ሥራውን ትታ ልትመጣ ነው አለችኝ። እንዲያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። ክፍሌን አስለቅቃ መጋረጃውን አጠበችልሽ፤ የእኔ አልጋ ሳሎን ወጥቷል። እሷ መስኮት ያለው ክፍል ነው የምትወደው አለችኝ። እኔስ ብላት፣ አንቺ የትም ይመችሻል አለች።

እና እህቴ፣ ነገ ዛሬ ሳትይ ሞክሪው። እንደተሳካልሽ መጀመሪያ ለእማዬ ደውዪና እንደማትመጪ ንገሪያት። እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ካንቺ የበለጠ ሰው አያሳይሽ። እዚያው ባለሽበት ይቅናሽ።

ታላቅ እህትሽ