አንድ የትልቁ፣ ሁለት የትንሹ

ውድ ወንድሜ ኢዮስያስ፣

ሰላምታውን ልዝለለው፤ ጊዜ የለኝም። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ሳይክሉ ላይ ከሆንክ ውረድ። መሪው ላይ የተሰካውን የፍጥነት ቆጣሪ ንቀልና ኪስህ ክተተው። ሲዋሽህ ነው የከረመው። አርባ ሲልህ ሃምሳ ሦስት ላይ ነህ።

እየቀለድኩ አይደለም። አሁን ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ። እማዬ ውስጥ ተኝታለች። ነገ ጠዋት ነው ኦፕራሲዮኑ። ከረፋድ ጀምሮ ስደውልልህ ያቺ የስልኩ ሴትዮ “ማግኘት አይችሉም” ትለኛለች። አንተ ያለህበት ወርቃ ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው አሉ። ማክሰኞ ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ “ቅዳሜ ከአራት ሰዓት በፊት ድረስ፤ ሳታይህ እንዳትገባ” ብዬ ያዘዝኩህ እኔው ነኝ። አንተ ደግሞ አንዴ ካልክ አልክ ነው። ንጋት ላይ ከቡና ማጠቢያ ጣቢያው ትነሳለህ፤ ቁልቁለቱን ልክ አርባ ላይ አድርገህ ትለቀዋለህ። ለእማዬ የማልክላትን አንዲት ቁጥር ሳታልፍ ማለት ነው። እኔን ያስፈራኝ ይኸው መሐላህን መጠበቅህ ነው።

ሀዲጃ ሱቅ የሄድንበትን ቀን ታስታውሳለህ? ለሁለት ሳይክል አንድ ቆጣሪ ይበቃል ብለን ተስማምተን ነበር። አንተ ወርቃ ስትወጣ አንተ ጋ፣ ስትመለስ እኔ ጋ። ሦስት ዓይነት አወጣችልን። ባለ ሽቦውን ወዲያው ተውነው፤ አንድ ሳይክል ላይ ከታሰረ መላቀቅ የለውም። አንተ ከሳተላይት የሚያነበውን ያዝክ። “ጋሼ፣ ይሄ ይሻለናል። የጎማ ልክ ንገሩኝ አይልም፤ የትኛውም ሳይክል ላይ ብታደርገው ያው ነው” አልከኝ። እኔ ምን አልኩህ? “ቻርጅ ሲያልቅ ምን ልታደርገው ነው? መብራት ያለው መስሎሃል እዚያ?” ብዬ ከእጅህ ቀማሁህ። ባትሪው ዓመት የሚቆየውን፣ የሁለት ጎማ ልክ የሚይዘውን መረጥኩ። አዋቂ ነኛ! አንተም አልተከራከርክም። አባታችን ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን ተከራክረኸኝ አታውቅም፤ አሁን ሳስበው ምነው በተከራከርከኝ ኖሮ።

ሀዲጃ ጎማችንን ጠየቀችን። ያንተው ሃያ ስምንት ኢንች፣ የኔዋ ታጣፊ ሃያ። ነካ ነካ አደረገችውና “በቃ፣ አንድ የትልቁ፣ ሁለት የትንሹ” ብላ ሰጠችን። ቤት ስንደርስ “ሰምተሃል አይደል፣ አንድ የኔ ነው፤ አንተ ሳይክልህ ላይ ስትሰካው ሁለት ላይ አድርገው” አልኩህ። ራስህን ነቀነቅክ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ለእማዬ ውሃ ልገዛ ወጥቼ በሀዲጃ ሱቅ በኩል አለፍኩ።

“ያ ትልቁ እንዴት ነው? አንድ ላይ አድርጋችሁት ነው አይደል የሚሄደው?” አለችኝ።

“አዎ፣ ደህና ነኝ፤ አንድ ላይ ነው” አልኳት።

“አንተን ማን ጠየቀህ! የወንድምህን ሳይክል ነው እንጂ!”

ክው አልኩ። ትልቁ እኔ አይደለሁማ! ትልቁ ያንተ ሳይክል ነው። እሷ ጎማ ስትል እኔ ዕድሜ ሰማሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የቢሮ ሰው ነኝ ብዬ፣ ሳይክል ተሸክሜ ሄጄ ስለ ራሴ የሚወራ መሰለኝ። ቆጣሪው ያንተን ትልቅ ጎማ በኔ ትንሽ ጎማ ልክ ሲቆጥርልህ ነው የከረመው፤ በዞረ ቁጥር አንድ ሩቡን ይሰርቅሃል።

እስከዚህ ስህተት ነው እንበል። ሰው ይሳሳታል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስህተት አይደለም፤ በሾፌሩ በተሻለ አፍ ልልክልህ ያልፈለግኩትም እሱን ነው።

ኢዮስያስ፣ እኔ ጠርጥሬ ነበር። ባለፈው ወር ቆጣሪውን ትተህልኝ የሄድክ ጊዜ በዚያች ጢንጢዬ ሳይክል በሰዓት ሃያ አራት ሄድክ አለኝ። ደስታዬን አትጠይቀኝ! ቢሮ ሄጄ አወራሁ። ትልቅ ሰው በልጅ ሳይክል እያሉ የሚስቁብኝን ሁሉ አፋቸውን አስያዝኩ። በሳምንቱ ወናጎ ሄድኩ። መንገዱ ቢበዛ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚኒባስ ረዳት ሁሉ ያውቀዋል። ቆጣሪው አሥራ ስምንት አለኝ። አየሁት። ቆሜ አየሁት። የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ግን ቁጥሩ ጣመኝና ዝም አልኩ። የኔ ከበዛ ያንተስ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

አንተ ደግሞ ነግረኸኝ ነበር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ከወርቃ ወርደህ ዓይንህ ቀልቶ ገባህ። “ጋሼ፣ ነፋሱ እንባዬን ያወርደዋል፤ ይሄ ግን ሠላሳ አምስት ነው የሚለኝ። ድልድዩ ጋ ያለው መታጠፊያ ላይ ፍሬኑ እምቢ ሊለኝ ምንም አልቀረውም” አልከኝ። እኔ ሳቅሁብህ። “ፈሪ! ማሽኑ ነው ወይስ ዓይንህ የሚያውቀው?” አልኩህ። እማዬ ፊት። አንተም አብረህ ሳቅህ፤ ፊትህ ግን አልሳቀም ነበር፤ አይቼዋለሁ።

ደመላሽ ፍሬንህን ሲያይ ያለውን ሰምተናል። “ከሐዋሳ ያዘዝኩት እስኪመጣ በዚሁ ሂድ። እስከ አርባ ይይዝልሃል። ከአርባ በላይ ፍሬኑን ሳይሆን ጌታን ነው የምትጠራው” ነው ያለው። ስንት ዓመት ሳይክል የጠገነ ሰው ነው፤ ለማስፈራራት አላለውም። እማዬ አርባን ያስማለችህ በዚያ ቀን ነው። ባለፈው በሠላሳ አምስት ተረፍክ፤ ያ ደግሞ አርባ ሰባት ገደማ ነበር። ነገ ለእማዬ ልትደርስ ስትል አርባ ላይ ታደርገዋለህ።

ተሻለ አይሱዙውን ይዞ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል። ደብዳቤውን ላንተ እንዲሰጥልኝ ጠየቅኩት። “ዛሬ ፍስሐ ገነት ነው የማድረው። ወርቃ የምገባው ነገ ነው፤ ወንድምህን መንገድ ላይ አገኘዋለሁ” አለኝ። መንገድ ላይ! እኔ የታየኝ ሌላ ነው፤ አንተ ቁልቁል፣ አይሱዙው ሽቅብ፣ መሀል ላይ ያቺ መታጠፊያ። “ተሻለ፣ በናትህ መታጠፊያው ሳትደርስ ቁም፤ ጥሩምባህን ሳትለቅ” አልኩት። “አቦ፣ ሠርግ አደረግከው እኮ!” ብሎ ሳቀ። ለሱ ምን ላስረዳው?

እማዬን ልደብቃት አስቤ ነበር። ሐኪሙ አታስደንግጧት ብሏል። ገብቼ አጠገቧ ስቀመጥ “ፊትህ ምን ሆኗል?” አለችኝ። አፌን ስከፍት ሁሉም ወጣ፤ ሀዲጃ፣ ወናጎ፣ የሳቅኩብህ ሳቅ። ስትቆጣ አማርኛው እንደሚጠፋት ታውቃለህ፤ በጌዴኦኛ ነው ያወረደችብኝ። ሰው ሁሉ ከየአልጋው ቀና ብሎ አየን። ከዚያ እጄን ያዘችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “እኔን የሚጠብቅ ሐኪም አለኝ። እሱን ማን ይጠብቀዋል? እዚህ ቁጭ ብለህ ወረቀት ትጽፋለህ?” አለችኝ።

እሷን ለሥርጉት አደራ ብያለሁ። ጎረቤት ብትሆንም ከዘመድ ሳትሻል አትቀርም፤ እስክንመጣ አትለያትም። እኔ ከተሻለ ጋር እወጣለሁ። ነገ ሳይነጋ ከፍስሐ ገነት ተነስቼ ድልድዩ ጋ እደርሳለሁ፤ መታጠፊያው ራስ ላይ፣ ከሩቅ የምታየኝ ቦታ እቆማለሁ። ይህን ደብዳቤ በእጄ ነው የምሰጥህ። የጻፍኩትን ፊትህ ቆሜ መናገር አልችልም፤ አንብበው፣ ከዚያ የፈለግከውን በለኝ። ብትሰድበኝም መብትህ ነው።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤውን ሳታነብ ልታውቀው ይገባል፤ ስለዚህ ከሩቅ ሳይህ በጉሮሮዬ ሙሉ እጮኸዋለሁ። ፍሬኑ እምቢ ካለህ ወደ ገደሉ እንዳትጠመዝዘው። ወደ ድልድዩም አይሁን። እኔ ላይ ንዳው፤ አልሸሽም።

ወንድምህ
ደበበ