እጅግ ጥቂት አቧራ

ጥቅምት 4

ዛሬም ያው። የጠርሙስ ብሩሽ፣ የጫማ ብሩሽ፣ የቀለም ብሩሽ... ፀጉሩን መቁረጥ፣ ማሰር፣ እጀታ ላይ መትከል። የሚገዛ ግን የለም። ሰዉ ሁሉ ከፋብሪካ የወጣውን ፕላስቲክ ይወስዳል።

አማቴ ገና ረፋዱ ላይ ሁለት ጊዜ እግሬ ሥር ጠረጉ። "እግርህን አንሣ።" አነሣሁ። የቆረጥኩት ፀጉር መሬት ሳይነካ አየር ላይ ሊቀልቡት ምንም አልቀራቸው። ቤቱ የእሳቸው፣ ይቺ የጓሮ ክፍልም የእሳቸው። እስከ ጥር መጨረሻ ሥራዬ በእግሩ ካልቆመ ሊያከራዩዋት ነው፤ ቁርጡን ነግረውኛል። ከዚያ የት ልገባ? ከአባቴ የተማርኩት ብሩሽ ብቻ ነው። ሌላ አላውቅም።

ጥቅምት 9

ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ማስታወቂያ ይዛ መጣች። መንግሥት የሕዋ ቴክኖሎጂ ለሚሠሩ አነስተኛ ድርጅቶች የምርምር ድጎማ ይሰጣል።

"እና እኛን ምን አገባን?"

"አነስተኛ ነን አይደል?"

"አነስተኛስ ነን። ሕዋው የት አለ?"

"ጨረቃ ላይ አቧራ አለ ይላል። ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ ዕቃ ያበላሻል። አቧራ ካለ ደግሞ ብሩሽ አለ።"

የቸገረው እርጉዝ ያገባል... ቅጹን ሞልታ ላከችው።

ኅዳር 2

አሸነፍን! ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። "ድርጅትዎ" ይላል። ድርጅቴ እኔና አንድ መቀስ ነን።

አማቴ ሰሙ። "መንግሥት ጨረቃን ሊጠርግ ነው? መጀመሪያ ይሄን መንገድ አይጠርግም?" ቆየት ብለው ደግሞ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያሉ መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ። ከዛሬ ጀምሮ ስሜ "ሳይንቲስቱ" ሆኗል።

ኅዳር 14

የጨረቃ አቧራ መጣ። እውነተኛው አይደለም፤ እሱን እንዲመስል የተፈጨ ድንጋይ ነው። ሁለት የታሸጉ ባልዲዎች፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ የንብረት ክፍል ሰውዬ። ሰውዬው መዘነና አስፈረመኝ።

"ሙከራው ሲያልቅ እንዳለ ይመለሳል። የመንግሥት ንብረት ነው።"

"አቧራው?"

"አቧራው።"

"ቢበንስ?"

"ትሰበስበዋለህ።"

ሲሄዱ አማቴ ክዳኑን ከፈት አድርገው አዩ። "ይሄንንማ ዕድሜዬን ሙሉ ስደፋው ኖርኩ። አሁን በዘበኛ ይመጣ ጀመር?"

ኅዳር 23

ብሩሹ ይሠራል! ጨርቅ ላይ አቧራውን እነሰንሳለሁ፣ ብሩሼን አስኬድበታለሁ፣ ጨርቁ ንጹሕ። ችግሩ... ከጨርቁ የተነሣው የት ይሂድ? ትራስ ላይ። ስኳር ውስጥ። የባለቤቴ ቅንድብ ላይ። አማቴ ዓይናቸው ደም ለብሷል። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ይጠርጋሉ፣ እኔ ማፈሻ ይዤ ቀኑን ሙሉ ከኋላቸው። "እማማ፣ እንዳይደፉት! የመንግሥት ነው!" ከሳሎን፣ ከመኝታ ቤት፣ ከቁም ሳጥን ሥር... የጠረጉትን ሁሉ ወደ ባልዲው። የቱ የመንግሥት፣ የቱ የእኛ እንደሆነ በምን ልለየው? ሁሉም ግራጫ ነው።

ታኅሣሥ 2

ሾርባው ውስጥ የመንግሥት ንብረት ነበር። ጠጣነው።

ታኅሣሥ 17

ርክክብ። ይጎድላል ብዬ ስፈራ ነው ያደርኩት። ሰውዬው መዘነ። ባልዲዎቹን አወረደ፣ ሚዛኑን በመሐረብ ወለወለ፣ እንደገና መዘነ።

"ጎደለ?" አልኩት።

"ጨመረ።"

"እሰይ!" አልኩት፣ እኔ ሞኙ።

"ምን እሰይ አለው? ለጎደለ ቅጽ አለን። ለጨመረ የለንም።"

የመንግሥት ንብረት ላይ ባዕድ ነገር ቀላቅለሃል ነው ነገሩ። የጨመረው ከየት እንደመጣ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ ድጎማው ይሰረዛል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ብሰርቅ ይሻለኝ ነበር፤ ቅጽ አለው።

ታኅሣሥ 19

ከየት እንደመጣማ ግልጽ ነው። የቤቱ አቧራ ነው። ግን የእኔ ቃል አይበቃም አሉ። "የቤቱ ባለቤት በቤታቸው አቧራ መኖሩን በፊርማቸው ያረጋግጡ።"

የቤቱ ባለቤት... አማቴ። በቤታቸው... አቧራ መኖሩን።

"አንተ ንገራት" ትላለች ባለቤቴ።

"እናትሽ ናቸው እኮ።"

"ብሩሹ ያንተ ነው እኮ።"

ታኅሣሥ 20

ነገርኳቸው። የያዙትን ብርጭቆ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"በእኔ ቤት?"

"እማማ፣ ለወረቀት ያህል ነው..."

"አቧራ? በእኔ ቤት?"

ከማዶዋ ጎረቤታቸው ጋር የማን ደጃፍ ይጸዳል እያሉ ሲፎካከሩ ነው ዕድሜያቸው የሄደው። ያቺ ሴትዮ ይህን ብትሰማ... "አልፈርምም። ድንጋይህንም ብሩሽህንም ይዘህ ክፍሌን ልቀቅልኝ። ጥርንም አልጠብቅም።"

አሁን ሳህን እያጠቡ ነው። ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ታኅሣሥ 22

እጀታዎቹን ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። የአባቴን መቀስ በጨርቅ ጠቀለልኩ። አለቀስኩ... ለማን እዋሻለሁ?

ታኅሣሥ 23

አማቴ ክፍሌ መጡ። ያለ መጥረጊያ! ባዶ እጃቸውን አይቻቸው ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ካርቶኖቹን አዩ፣ ተቀመጡ።

"ልጄን ያገባህ ጊዜ ምን እንዳልኩ ነግራሃለች?"

"አልነገረችኝም።"

"ብሩሽ ሠሪ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሌላው ቢቀር ንጽሕና ይገባዋል ብዬ።" "እንግዲህ ተሳሳትኩ። አምጣው ወረቀቱን።"

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። "'አቧራ መኖሩን' አይባልም። 'ጥቂት አቧራ' በል።"

ጻፍኩ። አዩት።

"'እጅግ ጥቂት'።"

ጻፍኩ። ፈረሙ። ለእኔ ብለው ነው... ለእኔ! አንጀቴን በሉት።

ጥር 2

ከንብረት ክፍሉ ሌላ አዲስ ሰው ሊያጣራ መጣ። ግን በር ተሳስቶ ማዶ አንኳኳ። "አቧራ አለብኝ ብለው የፈረሙት እናት ቤት የት ነው?" በዚያ በሚያስተጋባ ድምፁ! ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ ሁሉ ሰማ። "እኔማ ድሮም አውቅ ነበር" ትላለች አሉ የማዶዋ። አማቴ መጋረጃ ዘግተው ተኝተዋል። ምነው ባላስፈረምኳቸው!

ጥር 11

ደብዳቤ። ድጎማው አልተሰረዘም። እንዲያውም... የመለስነውን አቧራ መርምረውት፣ እነሱ ከሰጡን ይልቅ ይጣበቃል፣ ለሙከራ ይሻላል ብለዋል። ለሁለተኛው ዙር ከዚሁ ዓይነት ብዙ ባልዲ ይፈልጋሉ፣ በክፍያ። አቅራቢ፦ የቤቱ ባለቤት።

ለአማቴ አነበብኩላቸው። ከአልጋቸው ቀና አሉ።

"የት አለና? 'እጅግ ጥቂት' ብዬ ፈርሜ የለም እንዴ?"

እውነታቸውን ነው። ቤቱ ውስጥ ማንኪያ የሚሞላ እንኳ አይገኝም።

"ከመንደሩ እንግዛ" አልኳቸው።

መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወደ ማዶ አዩ። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ስንት ቀናቸው ፈገግ ካሉ!

ጥር 24

በራችን ላይ ሰልፍ። ማፈሻ፣ ባልዲ፣ ፌስታል... "ቤታችን እንደ መስታወት ነው" ሲሉ የኖሩት ሁሉ መጥተዋል። አማቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እያሹ ያሳልፋሉ። "ይሄ አሸዋ ነው፣ መልሰው።" "ይሄስ ደህና ነው። ከአልጋ ሥር ነው አይደል?" ያለፈለት ከቤቴ የወጣ ነው ብሎ ይፈርማል።

የማዶዋም መጣች። ባልዲዋ እስከ አፉ ሙሉ። አማቴ አላሹትም። ሰልፉ ጫፍ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፦

"ይሄ ሁሉ ካንቺ ቤት ነው?"

ሰዉ ዞረ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። "ከ... ከልጆቹ ክፍል ነው።"

"እንግዲህ ፈርሚ።"

ወረቀቱን አየችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "'ጥቂት' ቢባልስ?" አለች።

አማቴ ባልዲውን ደግመው አዩት። "የመንግሥት ወረቀት ላይ ውሸት አላስጽፍም።"

ፈረመች።

ጥር 30

ካርቶኖቹን ፈታሁ። ክፍሏን ስለማከራየት ያነሣ የለም። ከሰዓት አማቴ መጥረጊያቸውን ይዘው ገቡ። እንደ ልማዴ እግሬን አነሣሁ። ዙሪያውን ጠርገው ጠርገው እኔ ጋ ሲደርሱ አለፉኝ።

"አውርደው እግርህን" አሉኝ። "ያቺን ጥግ ለጨረቃ ትቻታለሁ።"