የጅብራ በር መታጠፊያ

ውድ ወንድሜ ማሙሽ፣

ይህን ደብዳቤ ጌታነሽ የምትሰጥህ ቤትህ ገብተህ፣ እግርህን ታጥበህ ስትቀመጥ ነው። "መኪናው ውስጥ እንዳትሰጪው። ሚስቱ ነሽ፣ ጸባዩን ታውቂያለሽ፤ መሪው ላይ ዘርግቶ እየነዳ ነው የሚያነበው" ብዬ አስምዬአታለሁ።

በስልክ መናገር ሲቻል ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ሞክሬ ነበር እኮ! ማክሰኞ ዕለት ስደውልልህ ወዲያው አነሳህ። "እትዬ፣ ሰላም ነው? ሙሽራችን እንዴት ናት?" ስትለኝ ከጀርባህ የሞተር ጩኸትና የተሳፋሪ ጫጫታ ሰማሁ። "እየነዳህ ነው እንዴ?" ብልህ፣ "ታዲያ! ጣርማ በር ጋ እየታጠፍኩ ነው" አልከኝ እየሳቅህ። ጣርማ በር ላይ፣ በአንድ እጅ! ስልኩ እጄ ላይ እሳት ሆነብኝና ዘጋሁት። መልሰህ መላልሰህ ደወልክ፤ አላነሳሁም። ባነሳው እኔው የምገድልህ መሰለኝ።

ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ነገሬ አጭር ነው፤ ፈርቻለሁ ማሙሽ። እሁድ ልጄን ጽናትን ከራቤል አንስተህ፣ ጓሳን አቋርጠህ፣ መሐል ሜዳ ባሏ ቤት የምታደርሳት አንተ ነህ። አጎቷ ነህ፤ ሚኒባሱ ያንተ ነው፤ "የእህቴን ልጅ ከእኔ በቀር ማንም አይነዳትም" እያልክ አገር አስወርተሃል። ቤቱ ሽር ጉድ ይላል። እኔ ግን የጀመርኩትን ሽንኩርት ጥዬ ደጅ ደጁን አያለሁ። ጎረቤቱ "የሙሽራ እናት አይደለች፣ ሆድ ብሷት ነው" ይላል። ሆድ አልባሰኝም። ዓይኔን ስከድን የሚታየኝ ጅብራ በር ነው።

የዚያን ቀን ነገር ለሰው ስታወራ ሰምቼሃለሁ፤ ስታወራው ያምርብሃል። እስቲ አሁን ደግሞ እኔ ልንገርህ፤ በደንብ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝና።

የዛሬ ዓመት ኅዳር ላይ ከመሐል ሜዳ ወደ ቤቴ ስታመጣኝ ጋቢና አጠገብህ ነበርኩ። ጓሳ ላይ ጉም ወርዶ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው መንገዱን አቋርጦ ካለፈ በኋላ ነበር የሚታየን። አንተ ወደ ኋላ ዞረህ ተሳፋሪ ታጫውታለህ። "ፊትህን አዙር" ብልህ "መንገዱን በእንቅልፍ ልቤም አውቀዋለሁ" ትላለህ። ወደ እኛ አገር ቁልቁለቱን ስንጀምር ደግሞ ማርሹን ዜሮ አድርገህ ለቀቅከው፤ ነዳጅ መቆጠብህ ነው። ጉሙ ሳሳ ሲል የጅብራ በር ኪዳነ ምሕረት ጉልላት ብቅ አለ። መንገዱ ገደሉን ይዞ የሚታጠፈው እዚያው ላይ ነው።

ኮፍያህን አወለቅህ። ሁለት እጅህን ከመሪው አንስተህ አማተብህ፤ ከዚያ ግንባርህ መሪውን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ አልክ። ከኋላ ያለውም ሰው እንዳንተው አደረገ። መኪና ሙሉ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ መኪናው ብቻውን ይሄዳል።

እኔ መኪና ላይ ዓይኔን ከድኜ አላውቅም። ፈሪ ነኝ፣ ከልጅነትህ ታውቀኛለህ። እጄ ያማትባል፣ ዓይኔ መንገድ ያያል።

ያየሁት ፈረስ ነው። ዳማ ፈረስ፣ ኮርቻው እላዩ ላይ እንዳለ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሟል። አጠገቡ ሽማግሌው ጋሽ ወልደ አማኑኤል ልጓሙን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተዋል። እሳቸውም ኪዳነ ምሕረትን እየተሳለሙ ነበር! አየህልኝ ጉዱን? ሁለት ሰው አንድ ደጅ ይሳለማል፤ አንዱ በሌላው ላይ ሊሄድበት ነው።

"ማሙሽ! ሰው! ሰው!" ብዬ ጮህኩ። ቀና ብለህ ፍሬን ያዝክ፤ ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። ፈረሱን ጎኑ ላይ መታነው። ድምፁን አልነግርህም፣ አንተም ሰምተኸዋል። ፈረሱ ወደ ገደሉ ሲሄድ የልጓሙ ጠፍር ሽማግሌው እጅ ላይ ተጠምጥሞ ነበርና አብሮ ጎተታቸው። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ጠፍሩ ተበጠሰ። ፈረሱ ገባ፤ እሳቸው እግራቸው ተሰብሮ እዚያው ቀሩ። ከመኪናው ስወርድ አንደኛው የፊት ጎማ አየር ላይ ነበር። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰዉ ቀና ብሎ ነገሩን ሲያይ እልልታውን አቀለጠው። "ተአምር! ተአምር!" አለ። አንተም መሬት ስመህ አለቀስክ። እኔ ኪዳነ ምሕረት አላተረፈችንም አልልም፤ አፌ ይቆረጥ። አትርፋናለች። ግን ያተረፈችን ከማን ነው ማሙሽ? ካንተ ነው እኮ!

ትራፊክ መጥቶ ሲጠይቅ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያየ ጠፋ። ጎንበስ ያለ ሰው ምን ያያል? "ፈረሱ ደንብሮ ገባበት" አሉ። እኔ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ለዚያም እስከ ገና አኮረፍከኝ። በኋላ ሽማግሌ ገባ፣ ለጋሽ ወልደ አማኑኤል ሌላ ፈረስ ገዛህላቸው፣ ታረቃችሁ። ላንተ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። አንተን መከራው ራሱ ቢመክርህ ምን ተማርክ? ስለት ተሳልክ! "ባተረፈችኝ ቦታ ሳልሳለም አላልፍም" ብለህ። የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል አስፍተህ አሳትመህ የፊት መስታወቱን ግማሽ ሸፈንክበት። ከሥሩ የፕላስቲክ አበባ ደረደርክ። ከዚያ ወዲህ በቀኝ በኩል የሚመጣ ሰው ላንተ የለም። ድሮ ለአፍታ ነበር ጎንበስ የምትለው፤ ዛሬ ጸሎቱን ጨርሰህ ነው ቀና የምትለው። ባለፈው ሰኔ ሌላ መኪና አጥቼ ካንተ ጋር ስሄድ አይቻለሁ። ጭኔን ቆንጥጬ "ማሙሽ፣ መንገዱን!" ስልህ ምን አልከኝ? "እትዬ አትፍሪ፣ እሷ ትነዳዋለች።"

ታዲያ መንጃ ፈቃዱ በማን ስም ነው?

እሁድ ደግሞ ሰርግ ነው፤ የሰርግ ሾፌር እንዴት እንደሚሆን አይተናል። ሚዜዎቹ በመስኮት ተንጠልጥለው ይጨፍራሉ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ከፊተኛው መኪና ግማሽ አካሉን አውጥቶ "ጠጋ በል! ቅደመው!" ይልሃል። አንተ ጥሩምባውን እየነፋህ መኪናውን ግራና ቀኝ ታወዛውዘዋለህ፤ መንገዱን ከመንግሥት የገዛኸው ይመስልሃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከኋላህ የተቀመጠችው ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ከእሷ ሌላ የለኝም። የሠራሁት ድግስ የሰርግ ይሁን የተዝካር አላውቅም። ይኸው ጻፍኩት፤ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ።

ለባሌ ለአስፋው ሌላ መኪና እንፈልግ ብዬው ነበር። "አጎቷ እያለ በባዕድ መኪና? አገር ምን ይላል? ወንድምሽንስ ዳግመኛ ታገኚዋለሽ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ደግሞስ ሌላው ሾፌር ካንተ በምን ይሻላል? አንተ ቢያንስ ልጅቷን ትወዳታለህ።

አትሳለም ልልህም አልችልም። የመሪጌታ ተክለጻድቅ ልጅ ሆኜ፣ ቤተ ክርስቲያን አይተህ ዝም ብለህ እለፍ የምለው በየትኛው አፌ ነው? ስለትህን አፍርስ ማለትም ያስፈራኛል። እንግዲህ በየት በኩል ልያዝህ? ጨንቆኝ ስገላበጥ ሰነበትኩና ሐሙስ ዕለት ጋሽ ወልደ አማኑኤልን ልጠይቅ ሄድኩ።

እግራቸው እንደጠመመ ቀርቷል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ገና ሳልቀመጥ "ያ ልጅ ደህና ነው?" ብለው ስላንተ ጠየቁኝ። ቂም የላቸውም። እኔም ፍርሃቴን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ስለትህንም፣ ሥዕሉንም፣ "እሷ ትነዳዋለች" ማለትህንም ነገርኳቸው። ምን አሉ መሰለህ?

"ልጄ፣ እኔ እኮ ከፈረሴ ወርጄ ነበር። እሱ ምነው ሳይወርድ?"

ክው አልኩ። እንዴት እስከዛሬ አልታሰበንም ማሙሽ? አባባ በቅሏቸው ላይ ተቀምጠው ሲሳለሙ አይተህ ታውቃለህ? ዝናብ ይዝነብ፣ ወገባቸውን ይመማቸው፣ ደጁ ጋ ሲደርሱ ይወርዳሉ። ትንሽ ሳለህ ከፊታቸው ያፈናጥጡህ አልነበር? መጀመሪያ አንተን ያወርዱሃል፣ ከዚያ ራሳቸው ይወርዳሉ፣ ከዚያ ነው "ሰላም ለኪ" የሚሉት። በቅሎ እኮ ዓይን አላት። ሰው ቢያንቀላፋባት እንኳ ገደል አትገባም። እሳቸው ዓይናማ በቅሎ ላይ ሆነው ያላደረጉትን አንተ ዕውር ብረት ላይ ሆነህ ታደርጋለህ? ኪዳነ ምሕረትን የምታህል እመቤት፣ ወንበርህ ላይ ቁጭ ብለህ፣ እየሮጥክ ነው ሰላም የምትላት? ሰው ለጎረቤቱም እንዲህ አያደርግ! እኔ የምልህ አበዛህ አይደለም። አሳነስክባት ነው የምልህ።

በል እሁድ እንዲህ አድርግልኝ። ያን ሥዕል ከመስታወቱ አንሳና ከኋላ፣ ከጽናት ራስ በላይ ስቀለው፤ እሷን ትጠብቅልኝ። ስልክህን ለሚዜዎቹ ስጣቸው። ጅብራ በር ስትደርስ ከመታጠፊያው በፊት ከብት የሚያርፍበት ሜዳ አለ፤ እዚያ ቁም። ሞተሩን አጥፋ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ውረድ። ጽናትንም አውርዳት። ቬሎዋን ጭቃ ቢነካው እኔ አጥበዋለሁ። እስክትጠግብ ተሳለም፣ ስገድ ከፈለግህ፤ ስለትህ ያኔ ነው የሚደርሰው። ከኋላ ያለው ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ከዚያ ተመልሰህ ሁለት እጅህን መሪው ላይ አድርገህ እንደ ፈሪ ንዳ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? ልጄን ፈሪ ሰው እንዲነዳልኝ ነው የምፈልገው።

እንግዲህ አምንሃለሁ ብዬ ደብዳቤዬን ብዘጋ ደስ ባለኝ። አልቻልኩም። ስታነበው "እሺ እትዬ" እንደምትል አውቃለሁ። ጭፈራው ሲደምቅ፣ ጉልላቱ ብቅ ሲል፣ እጅህ በልማዱ ከመሪው እንደሚነሳም አውቃለሁ።

ስለዚህ እሁድ ጽናትን ልትወስድ ስትመጣ እቤት አታገኘኝም። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ በእግሬ ጅብራ በር እሄዳለሁ። የሙሽራ እናት እንግዳዋን ጥላ ጠፋች ይባላል፤ ይባላ! ልጄን ከደጄ እልል ብዬ ሳልሸኛት መቅረቴ ያንገበግበኛል። ግን ሸኝቻት ቁጭ ብዬ የስልክ ጥሪ ከምጠብቅ ይሄ ይሻለኛል። ጋሽ ወልደ አማኑኤል ከቅዳሴ ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው እዚያው ከፈረሳቸው ይወርዳሉ፤ "እስኪመጡ አብሬሽ እቆያለሁ" ብለውኛል። እሳቸውን ከመንገዱ ራቅ አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። እኔ ግን የምቆመው ዳማው ፈረስ ቆሞ የነበረበት ላይ ነው።

ቀና ብለህ ከመጣህ ከሩቅ ታየኛለህ፤ ነጭ ነው የምለብሰው። ትቆማለህ፣ ትወርዳለህ፣ አብረን እንሳለማለን፣ ልጄንም እዚያው ስሜ እሸኛታለሁ። ጎንበስ ብለህ ከመጣህ ግን በዚህ ጊዜ ጋቢና ውስጥ የሚጮህልህ የለም። እኔ ፊት ለፊትህ ነኝ።

በአባባ አፅም ይዤሃለሁ ማሙሽዬ፤ ቀና ብለህ እየኝ።

መታጠፊያው ላይ የምትጠብቅህ፣
እህትህ ጠጄ
ከራቤል