ቃሉን የሚያውቅ አልነበረም

ለተወደድሽው እህቴ ለኮርዲ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የአሪዞና ሙቀት አሻለው ወይስ አንቺም እንደ እኔ ደረጃ ባየሽ ቁጥር ታቃስቻለሽ? ዋላስን ያ ሳል ለቀቀው? እኛ ደህና ነን። ፖሙን ለቅመን ጨርሰናል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፣ ለባልሽ ለዋላስም እንዳታነቢለት። ሰሞኑን ወተት የምገዛው ሱቃችንን አልፌ ሌላ ከተማ ድረስ እየነዳሁ ነው። ለምን ብትዪ፣ ከሰው ዓይን ለመሸሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገበሬዎች ማኅበራችን አልቆ አልቆ እኛ ጉልበታችንን የምናሽ ብቻ ቀርተናል። በዚህ መከር አዲስ አባል ካልተገኘ ማኅበሩ ይፍረስ፣ አዳራሹም ይሸጥ ተባለ። አያታችን ጣሪያውን የመቱት፣ አንቺ የተዳርሽበት አዳራሽ! "ቬርና፣ መቼም ያንቺ ምላስ አያርፍ፣ ሰዉን አንቺ ጥሪው" አሉኝ። እኔም በፌስቡክ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ፣ በመኖ መደብሩ በር ላይ ሳይቀር ጻፍኩ፦ "ቅዳሜ ማታ ኑ፣ ቦሎቄ አብረን እንብላ፤ በራችን ለሁሉም ክፍት ነው።"

በሩ ላይ የሚቆመውን ሰው ግን ረሳሁ። አጎታችን ኦሪንን ታውቂያቸው የለ? በር ጠባቂነቱን ከአባታቸው ወርሰው ዕድሜያቸውን የፈጁበት ናቸው። ስብሰባ ሲጀመር በሩን ዘግተው፣ በትራቸውን ይዘው ደጅ ይቆማሉ፤ የዓመቱን የይለፍ ቃል በጆሯቸው ሹክ ያላላቸው አይገባም። እኛ ከልጅነታችን ስለለመድነው ከ"እንደምን አመሹ" አይለይብንም። "ዛሬ እንግዳ ስላለ አብሬዎት እቆማለሁ" ያልኳቸው እኔው ነበርኩ። ታዲያ ወጥ ቤት ገብቼ ቦሎቄውን ከምትቀቅለው ከሃቲ ጋር ስለ ልጇ ፍቺ ወሬ ስንሰልቅ ጊዜው ሄደ። ፒያኖው ደግሞ ይመታል፣ የደጁ ድምፅ ከየት ይሰማ?

መጡልሽ እኮ፣ ኮርዲ! በዚያ ዝናብ መጡ። የድሮውን የሆብስ እርሻ የገዙት ፍየል አርቢዎቹ ታምሲንና ባሏ ጆኤል፣ ነጭ ሽንኩርት የምትተክለው መምህርት፣ ሌሎችም ከነልጆቻቸው። አጎቴ በትራቸውን በሩ ላይ አጋድመው "ቃሉ?" አሉ። ጆኤል ቀልድ መስሎት "ቦሎቄ!" ሲል ሁሉም ሳቁ። እሳቸው ግን ፈገግም ሳይሉ "አይደለም" አሉ። "እሺ፣ ፍየል?" "አይደለም።" ሳቁ ቀዘቀዘ። ታምሲን "አባባ፣ ኑ ተብለን እኮ ነው የመጣነው" ብትላቸው፣ "ልጄ፣ ከልቡ የጠራሽ ሰው ቃሉን ይነግርሽ ነበር" አሏት።

እኛ ውስጥ ሳህን ደርድረን እንጠብቃለን። አጎቴ ካፖርታቸው ውሃ እያንጠባጠበ ገቡና፣ እንደ ደንቡ ደረታቸውን ነፍተው፣ "በሩ ተጠብቋል፤ ቃሉን የሚያውቅ አልነበረም" ብለው አስታወቁ። ከዚያ ፊታችንን አይተው መሰለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?" አሉ። ሮጬ ብወጣ የመኪኖቹን የኋላ መብራት ብቻ አየሁ።

አሁን ሱቅ ውስጥ "ማኅበሩን የቀበረው ያ ሽማግሌ ነው" ይባላል። "ኧረ ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት ሲገባኝ፣ እኔ ወተት ፍለጋ እሸሻለሁ። እሳቸውስ ያደረጉት የታዘዙትን ነው። ይኸው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ትናንት አጎቴ የቦሎቄ ድስት አቅፈው ብቻቸውን ወደ ሆብስ እርሻ ሄዱ። ታምሲን ናት ደውላ የነገረችኝ። ጆኤል ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ "አባባ፣ ቃሉ?" አላቸው። አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "አላውቀውም፣ ልጄ" አሉ። በሩን ከፍተው አስገቧቸው፣ ቦሎቄውንም አብረው በሉ። "እኛ ምናልባት ቅዳሜ ብቅ እንል ይሆናል፤ ሌሎቹ ግን አንዴ መበስበስ ይበቃናል ብለዋል" አለችኝ።

ቅዳሜ ስለ አዳራሹ ሽያጭ ድምፅ ይሰጣል። አጎቴ በትሩን እኔ ቤት ጥለውት ሄደዋል። ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ባየሁት ቁጥር ያ የሃቲ ወሬ ይቆረቁረኛል። ቅዳሜ እጃቸው ላይ መልሼ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ አጠገባቸው እቆማለሁ። የማን ጥፋት እንደነበረም በሁሉም ፊት እናገራለሁ።

ዋላስን ሳሚልኝ፤ ማር በሙቅ ውሃ ይጠጣ። ልጅሽን ፕሩን በፈተናሽ በርቺ በያት፣ ያንን ሰነፍ ድመታችሁንም ዳብሺልኝ። አጎቴም "ለኮርዲ ንገሪልኝ" ብለዋል፤ ምን ብዬ እንደምነግርሽ ግን አልነገሩኝም።

ቅዳሜ በአዳራሹ ደረጃ ላይ የእንግዳ ኮቴ ሰማሁም አልሰማሁም፣ እሁድ ቁርስ ሳልቀምስ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

እህትሽ ቬርና
ሃርሎው ሚልስ፣ ሜይን
ኦክቶበር 9