ለዘውድነሽ የሠራሁት ሹሩባ

እትዬ መብሩካ፣ የእናቴ ልጅ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? የድሬዳዋ ሙቀት ዘንድሮ ራራላችሁ ወይስ እንደ አምናው ነው? ጋሼ ከማለዲን ሱቃቸውን እንዴት ይዘውታል? ትንሿ ዘሙሩድስ መሮጥ ጀመረች? እኔ አልሐምዱሊላሂ አለሁ። የካ እንደ ወትሮዋ ጠዋት ጠዋት ብርድ ናት፣ ጣሪያዬም አላፈሰሰም። በልቤ በኩል ግን ደህና አይደለሁም፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

የእጅ ጽሑፌ እንዳይገርምሽ። ፊደል ያስቆጠረኝ የቀበሌው መሠረተ ትምህርት ነው። እነሱ መፈክራቸውን እንዳነብላቸው አስተማሩኝ፤ እኔ ደግሞ ይኸው ለአንቺ እነሱን ማሚያ አደረግሁት።

ትልቁን ልጄን ሳልህን የኢድ ለት ጠዋት ለጦርነት አፍሰው እንደወሰዱብኝ ሰምተሻል። ማን እንደጠቆመ ግን አልነገርኩሽም። ዘውድነሽ ናት። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። የኢድ ለት ልጆቻችን ከሶላት መልስ ቤት እንደሚሰበሰቡ ታውቃለች፤ በየዓመቱ ዳቦና ሻይ ይዤ ቤቷ ድረስ ስሄድላት ኖሬያለሁና። አብዮት ጠባቂዎቹን እየመራች በሬ ላይ ያመጣቻቸው እሷ ነበረች። የእሷ ዓምደ ሚካኤል የሳልህ እኩያ ነው፤ እሱን የቀሰቀሰው የለም። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ “የዘማች እናት አታለቅስም፤ ትኮራለች” አለችኝ። አፌን ዘጋሁ። ይቺ ሴት ፀጉሯን ፈትታ ደረቷን ስትደቃ ሳላይ አልሞትም ብዬ ያኔ በልቤ ማልኩ። ሳልህ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ አንድ ቃል አልመጣልኝም።

ከዚያ የታናሹ የነጅመዲን ጢም ማቆጥቆጥ ጀመረ። ሌላው እናት ጢም ስታይ ደስ ይላታል፤ እኔ ምላጭ አምጥቼ ተላጭ እያልኩ እለምነው ነበር። በመጨረሻ እንጦጦ ላይ አጣና የሚቆርጠው ሂርጳ ዘንድ ደበቅሁት። ሂርጳ ከልጆቹ አባት ጋር ይነግድ የነበረ ደግ ሰው ነው፤ ሚስቱ ጂቱም እንደ ልጇ ተቀበለችው። ለሰፈሩ ግን “ድሬዳዋ አክስቱ ዘንድ ሄዷል” አልኩ። ሳላስፈቅድሽ በስምሽ ዋሸሁ፤ አፉ በይኝ።

ውሸቴ እውነት እንዲመስል ሳቂታ መሆን ነበረብኝ። ልጇ አክስቱ ዘንድ ያለ እናት በር በተንኳኳ ቁጥር አትደነግጥማ። እኔ የቀበሌውን መኪና ድምፅ ስሰማ በሬን ከፍቼ እወጣና ሰላም እላቸዋለሁ። ስብሰባ ላይ “ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር” ሲባል ከሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ የልቤን ድለቃ ራሴም እንዳልሰማው ብዬ። ለብቻዬ ስሆን ምግብ አይወርድልኝም፤ ሰው ፊት ግን እየደገምኩ እበላለሁ። ቀሚሴ ሲሰፋብኝ ያዩ ጎረቤቶች ስኳር ይሆናል አሉኝ። አዎ ስኳር ነው አልኳቸው።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ እጄ ነበር። የምተዳደረው ሹሩባ በመሥራት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ዘውድነሽም ደንበኛዬ ናት። እሷን እምቢ ማለት አይቻልም። ጉልበቴ ሥር ቁጭ ትልና ራሷን ትሰጠኛለች፤ እኔ ስሠራ እሷ ትጠይቃለች። ነጅመዲን ጻፈልሽ ወይ፣ ሙቀቱ ተስማማው ወይ ትለኛለች። እጄ ቢንቀጠቀጥ በራስ ቅሏ ታውቅብኛለች። ስለዚህ አጠብቃለሁ። ከሥሩ ይዤ ቅንድቧ ወደ ላይ እስኪሳብ አጠብቅላታለሁ። “ዘይቱና፣ እጅሽ ጠነከረብኝ” ስትል “እንዲቆይልሽ ብዬ ነው” እላታለሁ። ትራስ ሲነካት እንደሚያማት አውቃለሁ። አትቆጪኝ እትዬ፣ ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቅጠል ለቃሚዎቹ ጋር እንጦጦ እወጣለሁ። ከልጄ ጋር ቅርንጫፍ እናስራለን፤ እጁ ሻክሯል፣ ትከሻው ሰፍቷል። ብዙ አናወራም። ከዚያ ሸክሜን ይዤ እየሳቅሁ እወርዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት የቀበሌው የዘማች ኮታ ጎደለ ተብሎ ከበላይ ሰዎች መጡና ዓምደ ሚካኤልን ከእናቱ ቤት ጎትተው ወሰዱት። ሊቀ መንበርነቷ አላዳነውም። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ አየሁ። ለአንቺ አልዋሽም፤ ውስጤ እልል አለ።

በማግስቱ መጣች። እንደ ወትሮዋ ጉልበቴ ሥር ተቀመጠችና “ፍቺልኝ” አለችኝ። ፀጉሯን በትና እንደ ለቀስተኛ ልትጮህ ነው። የማልኩበት ቀን በእግሩ ቤቴ ገባ። አንዱን ጉንጉን ፈታሁ፣ ቀጥሎ ያለውንም ፈታሁ፤ ከዚያ እጄን ያዝ አደረግሁት። እሷ ትጩህና ሰፈሩ ተሰብስቦ አብሯት ያልቅስ? እኔ መቼ ተለቀሰልኝ! “የዘማች እናት አታለቅስም፤ ትኮራለች። ነገ ስብሰባ አለብሽ” አልኳት። ቅቤውን ቀባሁና እንደ ሙሽራ አሳምሬ ሠራኋት። እንደዚያ አምራ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ ታጨብጭብ፣ እኔ የተሸከምኩትን እሷም ትሸከመው አልኩ። ያን ቀን እጄ ጨርሶ አልተንቀጠቀጠም።

ልጨርስ ስል ቀና ሳትል ተናገረች። “ዘይቱና፣ ከጣትሽ ላይ በቅቤው መሃል ሁልጊዜ ባሕር ዛፍ ይሸተኛል። የሹሩባ ሠሪ እጅ እንዲህ አይሸትም። ልጅሽ የት እንዳለ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም” አለች። ፊቴን ስጠብቅ፣ ድምፄን ስጠብቅ ኖሬ ጣቴን ረስቼው ነበር።

ውለታ ልታስቆጥረኝ ይሁን ልታስፈራራኝ አላወቅሁም። ምሕረትም ከሆነ አልፈልገውም። ለሳልህ ያልራራ አፍ ለነጅመዲን ዝም ቢል ምስጋና የለኝም። የመጨረሻውን ጉንጉን ከሁሉ አጥብቄ ጨረስኩና “አምሮብሻል” ብዬ ሸኘኋት።

ስብሰባው ላይ ፊት ተቀምጣ አጨበጨበች። ጥርሷ ይስቃል፣ አገጯ ግን ይንቀጠቀጣል። ከእኔ በቀር ያስተዋለ የለም፤ እኔ አውቀዋለሁና። በቀሌ ደረሰልኝ። ቤቴ ገብቼ ምግብ ሳቀርብ ግን ያን ለትም አልወረደልኝም።

ልጄን በዘውድነሽ አፍ ላይ አላሳድረውም ብዬ ቆረጥኩ። ሾፌሩ ሙክታር ከእንጦጦ ግርጌ አጣና ጭኖ ወደ እናንተ ይወርዳል፤ የረዳቱን የይለፍ ወረቀት በራሱ መንገድ ጨርሶታል። ይህን ደብዳቤ በረዳቱ ጃኬት ገበር ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። እያነበብሽው ከሆነ የአዋሽን ኬላ አልፏል ማለት ነው። አንብበሽ አቃጥዪው።

ጋሼ ከማለዲንን እጅ ነስታለች በይልኝ። ምራትሽን ሳሚልኝ፣ ዘሙሩድን ጉንጯን ንከሺልኝ። ለጎረቤቶችሽም ሰላምታዬ ይድረስ።

ገበሩን ተርትሮ ወረቀቱን የሰጠሽን ረዳት ደግሞ ልብ ብለሽ እዪው። በእቅፍ ሳለ ነው የምታውቂው፤ አፍንጫው ግን የአባታችን ነው። ነጅመዲኔ ነው። ዛሬ እውነትም አክስቱ ዘንድ ነው፤ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አልዋሽም። ግንባሩን ሳሚልኝ። ከሁሉ አስቀድመሽ ግን እጁን በሳሙና አስታጥቢልኝ።

እህትሽ ዘይቱና
የካ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.