አንድም ቀን ያልጋለው አምፕሊፋየር

ሲሳዬ፣

እንደ ደብዳቤ ወግ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ አልጀምርም። በሕይወት ሳለህም ጤናህን ስጠይቅህ እውነቱን አልነገርከኝም። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሐዘኔ አልቀለለም፣ ቂሜም አልቀለለም። ሁለቱም አብረውኝ ያድራሉ።

ቤታችን ብዙ አልተለወጠም። ጣራው የሚያፈስበትን አስጠግኛለሁ። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፤ «ብርድ ይገባል» እያልክ ስትከለክለኝ እንዳልኖርክ። ሞተር ሳይክልህን ከቀብርህ በኋላ አስመጥቼ ግቢ ውስጥ በሸራ ሸፍኛት ነበር። ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም።

ያቺን ሞተር የገዛሃት ጉልበትህ ዳገቱን እምቢ ሲልህ ነው። ለዕድሩ ጡሩምባ እየነፋህ፣ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ እየለፈፍክ፣ የላሊበላን ዳገትና ቁልቁለት በእግርህ ስትዞር አርጅተህ ነበር። ሞተሯ ከፋብሪካ ይዛ የመጣቻቸው ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ነበሯት። ማይክራፎን ሰክተህ ስትናገርባቸው ግን ድምፅህ ከአጥር አያልፍም። የሰፈሩ ሰው «ሲሳይ ትንኝ አፈናጦ ይዞራል» እያለ ሳቀብህ። አንተም አብረህ ሳቅህ። እኔ አልሳቅኩም። የሞተ ሰው ስም ተሟልቶ፣ ፊደሉ ሳይዋጥ መነገር አለበት ብዬ ሥራውን በእጄ ያዝኩት።

አዲስና የተሟላ ዕቃ ለመግዛት አቅሙ አልነበረንም። መላውን ያሳየን ጋሸና ላይ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው እንድሪስ ነው። መጀመሪያ ድምፅ የሚያጎላ አንድ ርካሽ አምፕሊፋየር ከመቀመጫው ሥር ገጠመልን። የፋብሪካው ስፒከሮች ጉልበቱን አልቻሉትም፤ አንደኛው ተቀደደ። ቀጥሎ ከተጋጨ ሚኒባስ በር ላይ የተፈቱ ስፒከሮች ፈልጎ አገኘልን። አንተ እንዲጮኹልህ ስትቸኩል እኔ ጥራታቸውን አልኩ። ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጬ ከሥራቸው አነጠፍኩ፤ ንዝረታቸው ቆመ። ገመዱ ከባትሪው በፊውዝ በኩል እንዲያልፍ የሆነውም እኔ ስለጨቀጨቅኩህ ነው።

የሞከርናት ቀን ትዝ ይልሃል? አንተ ወደ አሸተን ማርያም በሚወስደው መንገድ ወጥተህ ከዳገቱ ላይ ፊደል ትቆጥራለህ፤ እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። «ጠ»ና «ጨ» ሲደባለቁብኝ ነጠላዬን አውለበልብልሃለሁ፤ የድምፁን ቁልፍ አስተካክለህ ትደግማለህ። መጨረሻ ላይ መረረህና በዚያው ማይክራፎን «የሺ፣ የኔታም እንዳንቺ አላሰቃዩኝም!» ብለህ ሰፈሩን በሙሉ አሳቅክብኝ። ቢሆንም ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሀ እስከ ፐ አንድ ሳይጎድል ደረሰኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የዋሸኸኝ። «አምፕሊፋየሩ እየጋለ አስቸገረኝ፤ ለእንድሪስ ላሳየው» ብለህ ፈትተህ በፌስታል ይዘኸው ትሄዳለህ። «ዕቃው ቆየብኝ» ብለህ አድረህ ትመለሳለህ። ለፍፈህ እንደገባህ እጄን አስደግፌበት አውቃለሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ስነግርህ «እጅሽ እሳት ለምዶ ነው» ብለህ ቀለድክ። አመንኩህ። በመጨረሻው ጉዞህማ እሱንም አልያዝክም። «አሁንስ በሌላ እለውጠዋለሁ» ብለህ፣ ሞተሯን በሌለህበት ለሚለፍፈው ምትክህ ትተህ፣ ባዶ እጅህን ወጣህ። ወልድያ ሆስፒታል ውስጥ አረፍክ።

የአገራችንን የመርዶ ደንብ ታውቀዋለህ። ለፋፊው ከሟቹ ቤት ርቆ፣ ከታችኛው ሰፈር ይጀምራል። ሰው ተጠራርቶ እስኪሰበሰብ ሽማግሌዎች ቀድመው ቤት ይገቡና በቀስታ ይነግራሉ። በጡሩምባው ዘመን የታች ሰፈር ጥሪ እኛ ቤት አይሰማም ነበር። ምትክህም ርቀቱን በድሮው ልክ ገመተው። እኔና አንተ ያችን ሞተር ምን እንዳደረግናት ዘነጋ።

ደጃፌ ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። «የዕድራችን ለፋፊ አቶ ሲሳይ» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። ሲሳዬ፣ በመጀመሪያ ያሰብኩት ቃሉ እንዴት ጥርት ብሎ እንደደረሰ ነው። ከዚያ ሰፌዱ ከጭኔ ላይ ተደፋ። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ አጥሩ ሥር መሬት ላይ አገኙኝ። የዕድሩ ዳኛ ካሳ ሊነግረኝ የመጣውን ሞተሯ ቀድማ ነግራኛለች።

ድንኳን ውስጥ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ምን ነካው? ብዙ አስታመምሽው?» ሚስት ባሏን አስታማ ቀበረች መባል ክብሯ ነው። እኔ ምን ልመልስ? አምፕሊፋየር ሊለውጥ ሄዶ ቀረ ልበል?

እንድሪስ ከጋሸና ለቅሶ መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ ሲያለቅስ ቆየና «እትዬ የሺ፣ ወላሂ፣ ያ ዕቃ አንድም ቀን ግሎ አያውቅም። እኔ ዘንድ ያስቀምጠውና ወደ ወልድያ ሐኪም ቤት ያልፋል፤ ሲመለስ ይወስደዋል» አለኝ። ካሳም ያውቅ ነበር። ምትክህም ያውቅ ነበር። «ለየሺ እንዳትነግሩ፤ ከሰማች መድኃኒቴን እንደ ፊደል እያስቆጠረች ቤቱን ትምህርት ቤት ታደርግብኛለች» ብለሃቸው ስቃችኋል አሉ።

አዎ፣ አስቆጥርህ ነበር። መድኃኒትህን በሰዓቱ አስውጥህ፣ ወጥህን ለብቻህ አልጫ እሠራልህ፣ ስታቃስት ተነሥቼ ጀርባህን እደግፍ ነበር። ያንን ቀማኸኝ። ከዳገት ማዶ አንድ ፊደል ሲዋጥ የምሰማ ሴት፣ እጎኔ ተኝተህ ሕመምህን እንዳልሰማ አደረግከኝ። ለጋሸና ሰው ያመንከውን ለእኔ አላመንክም።

ሰሞኑን ካሳ መጣ። «እትዬ የሺ፣ ሰው ቀብር እያመለጠው ነው። የሲሳይ ምትክ ጡሩምባ ሲነፋ ከለቀስተኛው በፊት የሚሰበሰበው ውሻ ነው። ሞተሯን ይስጡን» ብሎ ለመነኝ። ሰጠሁት፤ ግን ደንብ አስገብቼ ነው። መርዶ ነጋሪው ከሟቹ ቤት ወጥቶ «ተነግሯል» ሳይል ማይክራፎኑ አይከፈትም። ዕድሩ ተቀብሎታል። ከእንግዲህ ሌላ ሴት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ እንደኔ አትሰማም።

መጀመሪያ የሚለፈፈው ያንተ ሙት ዓመት ነው። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «የአቶ ሲሳይ ሙት ዓመት በመጪው እሑድ በቤቱ ይታሰባል። ሕመሙን አውቃችሁ ከባለቤቱ የደበቃችሁም እንዳትቀሩ።» ካሳ ሲያነበው ላብ አጠመቀው። «እትዬ፣ ይኸ እንዴት በአደባባይ ይባላል?» አለኝ። «ይባላል፤ ጥርት ተደርጎ» አልኩት።

ይምጡ፣ ይብሉ፣ ይጠጡ። ከዚያ አንድ በአንድ አጠገቤ አስቀምጬ እጠይቃቸዋለሁ። የቱጋ ነበር የሚያምህ? ከመኪና ስትወርድ ማን ይደግፍህ ነበር? በመጨረሻ ስሜን ጠርተህ ነበር? ገና አልማርኩህም፣ ሲሳዬ፤ ምሬሃለሁ ብዬ ብጽፍልህ እኔም እንዳንተ መዋሸቴ ነው። ግን አልረሳህም። የማውቀውን ሲሳይ ብቻ ሳይሆን የደበቅከኝንም ሲሳይ ከሰው አፍ ሰብስቤ እይዘዋለሁ። ዘግይቼም ቢሆን አስታምምሃለሁ።

የሺ