ከመግባታቸው በፊት

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ሱቅ ዋልኩ። አባዬ ለዙሁር ሶላት ሲወጣ ገበያተኛ አልነበረም፤ የምጽፈውን ታሪክ ከባንኮኒው ሥር አውጥቼ ጨረስኩት። ጨረስኩት!

አምስት ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ይወጣሉ። ልጇ አረብ አገር ሄዶ ድምፁ የጠፋባት እናት ከሩቅ ታያቸዋለች። በማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመጣ እኛ አገር መርዶ የማይጠብቅ ማን ነው? እሷ ግን ፊቷን አዙራ ደጇን ትጠርጋለች። የጠረገችውን መልሳ ትጠርጋለች... የመጡት ሴት ልጇን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው። ይህን የምናገረው ግን ቤት ከገቡ በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ሰብሳቢ መምህር ጣሰው አነበቡት።
"ኢብቲሳም፣ ለጋብቻ እንደመጡ መጀመሪያ ላይ ጻፊው። ሰው ለምን ይጨነቃል?"
"እንዲጨነቅ ነዋ!" አልኩ። በሆዴ አይደለም፣ በአፌ።
"እንግዲያው ቅዳሜ በክበቡ የንባብ ፕሮግራም ላይ አታነቢም።"
አስቀድሞ ያወቀ ሰው ምን ሊሰማ ይቀመጣል? አንድ መስመር አልነካም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8
እማዬ ደግሞ ተነሳችብኝ። "ፋጤ ፊት ነው ይህን የምታነቢው?"
አክስቴ ፋጤ... ልጇ ፈሃድ አረብ አገር ከሄደ ዓመት አለፈው፤ አንድ ስልክ የለም። እናትየዋን የጻፍኳት እሷን እያየሁ ነው። ሰው ሁሉ "ደህና ነው፣ ይደውላል" እያለ ይሸነግላታል። እኔ አልሸነግላትም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
ስሜን ከፕሮግራሙ አውጥተውታል። ሄድኩ። "አስተያየት ያለው?" ሲሉ እጄን አወጣሁ፣ ተነስቼ ማንበብ ጀመርኩ። አስቁሙኝ እስኪ!

ዳገቱ ላይ ስደርስ ከኋላ አንዱ "ኧረ ማን ሞቶ ነው?" አለ። "ዝም በል!" አሉት። እናትየዋ ስትጠርግ ሆን ብዬ ዘገየሁ። አክስቴ የሻርፗን ጫፍ ነክሳለች። አላቋረጥኩም። ለጋብቻ መሆኑ ሲታወቅ ሰዉ ተነፈሰ፣ ሳቀ፣ አጨበጨበ። መምህር ጣሰውም አጨበጨቡ። አክስቴ ወጥታ ሄደች።

እሁድ፣ ግንቦት 10
እማዬ አኩርፋኛለች።

ሰኞ፣ ግንቦት 11
አክስቴ ሱቅ መጣች። ስድብ ጠበቅሁ። በርጩማ ስባ ተቀመጠች።
"አንብቢልኝ።"
"ሁሉንም?"
"ገና ዳገቱ ላይ ያሉበትን። ደጅ ሲደርሱ አቁሚ።"
"መጨረሻው እኮ ደስ ይላል፣ አክስቴ።"
"ደስታው የእሷ ነው። እኔ ገና እየጠረግሁ ነው።"

አነበብኩላት። ስትሄድ የመጨረሻውን ገጽ ቀድጄ ጣልኩ። መምህር ጣሰው ያሻቸውን ይበሉ... ሽማግሌዎቹ አይገቡም።